ከቀብሩ በኋላ የበራው ስም

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሙደሲር ሐዘን ሦስተኛ ቀን፣ በግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ አባቱ ነጅመዲን፣ የእንጀራ እናቱ ከዲጃ ከአምስት ወር ሕፃኗ ጋር፣ ታላቅ እህቱ ኢክራን፣ የሟች እናቱ ወንድም አብዱራሺድ፣ ጀናዛውን ያጠቡት ሼህ አብዱላሂ። በሩ ላይ ደግሞ ኢንስፔክተር ዳዶ ጫማዋን ታወልቃለች።

ቤቱ በኬንያ ሞያሌ ነው። ከደጁ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ የማዶው፣ የኢትዮጵያው ሞያሌ ቆርቆሮዎች ይታያሉ። ነጅመዲን ከማዶ ብርድ ልብስ እያስመጣ በጅምላ ይሸጣል። ሙደሲር ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቱ በጓሮው መጋዘን ውስጥ ሞቶ አገኘው። ከጎኑ ግማሹ የተጠጣ የግመል ወተት በኩባያ ነበር። ሕመም አልነበረበትም፤ ቁስልም አልታየበትም። ያንኑ ዕለት ከዐሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ተቀበረ።

ቅዳሜ ጠዋት አብዱራሺድ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከዲጃን ከሰሰ። «ወተቱን የሰጠችው እሷ ናት፤ መርዛዋለች» አለ። የጣቢያው አዛዥ ለዳዶ እስከ እሑድ ዐሥር ሰዓት ጊዜ ሰጣት። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ከዲጃ ትታሰራለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም በዚያው ሰዓት ተሰብስበው ከባሏ ሊያፋቷትና ሕፃኑን ሊወስዱባት ተስማምተዋል።

ሌላም ነገር ነበር፤ ሰፈሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው። ሙደሲር ከተቀበረ በኋላ፣ ይጫወተው በነበረው የስልክ ጨዋታ ውስጥ ስሙ በርቷል ይባላል። አፈሩ ሳይደርቅ ስሙ በራ ይላሉ። እናቶች ይህን ከሰሙ ወዲህ የልጆቻቸውን ስልክ በፎጣ ጠቅልለው ማስቀመጥ ጀምረዋል።

«ፖሌ፣ አባቴ» አለች ዳዶ በስዋሂሊ ሐዘኑን እየተካፈለች፣ ከሼሁ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ። ቦረና ናት፤ አማርኛ የለመደችው በልጅነቷ ማዶ ገበያ ከእናቷ ጋር እየሸጠች ነው። «ጀናዛውን ሲያጥቡ ምን አዩ?»

«የሞተ ሰው ገመና አይወራም፣ ልጄ።»

«በሕይወት ያለ ሰው ሊታሰር ነው፣ አባቴ።»

ሼህ አብዱላሂ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ሠላሳ ዓመት አጥቤአለሁ። የሞተ ሰው ይገረጣል። ይህ ልጅ ግን ጉንጩም ከንፈሩም ቀይ ነበር። ኳስ ተጫውቶ ገብቶ የተኛ ነበር የሚመስለው። ሁለት ጊዜ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ወላሂ፣ ሕያው ልጅ የማጥብ ነበር የመሰለኝ።»

«ትውከት ወይም አረፋ ነበረው?»

«ምንም።»

«ሽታስ?»

«ፀጉሩ የወይራ ጭስ ይሸት ነበር። ሳሙናም አላስለቀቀው።»

ከዲጃ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ሕፃኗን ታጠባለች። ለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷም አጠገቧ አልተቀመጠችም። ደጃፉ ላይ አብዱራሺድ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ለምን ትዞሪያለሽ፣ አፋንዴ?» አላት፤ በኬንያ ፖሊስ የሚጠራው እንዲህ ነው። «ኩባያው አለ፣ ሴትዮዋ አለች። ወይስ በዚያች ባለ ቁልፍ ስልክሽ ሌላ ጥፋተኛ ልትጠሪ ነው?»

«የእኔዋ ባትሪ ሳምንት ይቆያል። ያንተ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ይሞታል። ዓርብ የት ነበርክ?»

«ኡራን መንደር። ረቡዕ ፍየል ልገዛ ሄጄ ዓርብ ማታ በሎሪ ተመለስኩ። ለእህቴ ልጅ ቀብር እንኳ አልደረስኩም።» ድምፁ ተሰበረ። «ሎሪ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

«እንግዲያው ሂድና ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ከሷ ጋር ልናገር።»

ከዲጃ ሳትጠየቅ ጀመረች። «ወተቱን ሰጥቼዋለሁ። በየቀኑ እሰጠው ነበር።»

«እዚያው መጋዘን ውስጥ?»

«እዚያው። ሦስት ሰዓት ላይ ወተት ልሸጥ ገበያ ስወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ‹ሙዴ፣ ወተትህ› እለዋለሁ። ከብርድ ልብስ ቦንዳዎቹ ኋላ እጁ ብቻ ይወጣና ይወስዳል። ፊቱን ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«በስልክ ይጫወታል።»

«አባቱ ስልኩን ሰብሮታል ተባለ እኮ።»

«በመዶሻ፤ ሁላችን እያየን። ልጁ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ግድግዳውን በእጁ ይመታ ነበር። ከዚያ ሌላ ስልክ ከየትም አገኘ። ከማን ብዬ አልጠየቅኩም። ሲያገኝ በላ።»

«ለአባቱ ለምን አልነገርሽም?»

«ብናገር ‹የእንጀራ እናት አሳበቀች› እባላለሁ። ዝም ብል ይኸው ገዳይ ተባልኩ።» ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው። «እሱን ይወስዱብኛል፣ አይደል?»

ዳዶ ግድግዳው ሥር የተደፉትን የወተት ዕቃዎች ተመለከተች። «ዕቃውን በወይራ ታጥኛለሽ?»

«በየማለዳው። ፍሙን ዕቃው ውስጥ አዙሬ በብረት ሳህን ላይ እደፋዋለሁ። ሳህኑን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትቼው እወጣለሁ። ዓርብ ስመለስ ግን እዚያ አልነበረም። አጥሩ ጋ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። እኔ ሳህኑን አላጥበውም፤ አመዱን ለዕቃ ማሻ እፈልገዋለሁ። ቤቱ በለቅሶ ተሞልቶ ስለ ሳህን ማንን ልጠይቅ?»

ነጅመዲን ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ስልኮች፣ አንዱ የኬንያ አንዱ የኢትዮጵያ፣ ፊቱ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል።

«ዓርብ ጠዋት የት ነበሩ፣ አቶ ነጅመዲን?»

«ጉምሩክ። ከዚያ መስጊድ።»

«በመሃል ወደ ቤት አልተመለሱም?»

«አልተመለስኩም።»

«ሙደሲርስ የት ነበር?»

«ትምህርት ቤት ነዋ! በሥራ ቀን የት ይሆናል? ሾልኮ የተመለሰ ይመስለኛል።»

ዳዶ መጻፏን አቆመች። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ያለውን እንዳለ ጻፈችው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«ልጄ ነው። በየቀኑ ነው የማነጋግረው።»

«የመጨረሻውን ይንገሩኝ። እርስዎ ምን አሉት? እሱስ ምን አለ?»

አንደኛው ስልክ ጠራ። ነጅመዲን አየውና ገለበጠው። ሁለተኛው በራ፤ እሱንም ገለበጠው። ዳዶ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ውሃ መቋጠሩን አየች።

«ስልኩን የሰበርኩ ቀን» አለ በመጨረሻ። «እኔ ብዙ ተናገርኩ። እሱ ምንም አላለም።»

«መቼ ነበር?»

«ከረመዳን በፊት።»

ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ ረመዳን ካለፈ ቆይቷል።

መጋዘኑ አንድ በርና ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለው። መስኮቷ በትምህርት ቤት ሹራብ ተወትፋለች። ዳዶ ቦንዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። የኋለኞቹ እርጥብ ናቸው፤ ሐሙስ የጣለው ዝናብ በመንገድ ላይ አግኝቷቸዋል። የፊተኞቹ ግን ደርቀዋል፤ ጭስ ጭስም ይሸታሉ። በመካከላቸው ወለሉ አቧራ ነው፤ አንድ ክብ ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ጥቂት ነጭ አመድ ቀርቷል።

ከቦንዳዎቹ ኋላ የተዘረጋ ካርቶን ነበር። የልጁ የትከሻና የዳሌ ቅርጽ ታትሞበታል። ዳዶ በዚያ ቅርጽ ላይ ተጋደመች። ከዚያ ሆኖ በሩ አይታይም። የቤቱ ድምፅ ግን ይሰማል፤ የአባትየው ሳል፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ የድስት ክዳን። ሁሉም ከውሃ በታች ሆነው ሲሰሙት የሚመስል የሩቅ ድምፅ ነው። ብዙ ቀን እዚህ የተኛ ልጅ ቤተሰቡን የሚያውቀው በድምፅ ብቻ ነው ብላ አሰበች። እሷም ሄሉ ሰፈር ባለው ቤቷ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳለቻት ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቶሎ ተነሥታ ወጣች።

ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት በኋላ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ ወደ ሄሉ ወረደች። ስሙ በራ የሚለውን ወሬ ያስጀመረችው ኑርሀን የምትባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ካጠገቧ አልነሣም ብላ ተቀምጣለች።

«ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ነበር የምንጫወተው» አለች ኑርሀን። «እሱማ ክፍት ሳለም አይመጣም ነበር። ኮማንደር ነበር የምንለው። እሱ ሲኖር አንሸነፍም።»

«ዓርብስ?»

ኑርሀን የተጻጻፉትን አሳየቻት። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሙደሲር «ሰው ገባ፤ ቆይ» ብሏል። ጥቂት ቆይቶ «ወጣ» ብሏል። አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ «ራሴን አመመኝ፤ ዓይኔም ይጨልማል» ብሏል።

«‹ውጣና ውሃ ጠጣ› አልኩት» አለች ኑርሀን። «‹ይቺን ዙር ልጨርስ› አለኝ። ሁልጊዜም ራሱን ያመዋል፤ ሳይተኛ ነው የሚውለው። ከዚያ በጨዋታው ውስጥ ያለው የእሱ ሰው መሃል ሜዳ ላይ ቆመ። ወገኖቹን ጥሎ የሄደ መሰለንና ሰደብነው። ሁላችንም ሰደብነው፣ አፋንዴ። ሞቶ ነው ለካ።»

እናትየዋ «አስተግፊሩላህ» አለች።

ዳዶ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበች። ስልኩን ልትመልስ ስትል ኑርሀን ክንዷን ጨበጠቻት።

«ይኸው! ትናንትም በዚህ ሰዓት ነው!»

ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። የሙደሲር ተዋጊ ባዶ ሜዳ ላይ ብቅ አለ። አልሮጠም፤ አልተኮሰም። አንድ ሣጥን ተከፈተ፤ የዕለቱ ስጦታ ተወሰደ። ተዋጊው ጥቂት ቆሞ ጠፋ።

«ስጦታውን አንድ ቀን ካልወሰደ የቀኑ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል» አለች ኑርሀን። «ሌላ ስልክ ካገኘ ወዲህ አንድ ቀንም አላቋረጠም። ጂን ነው አይደል?»

«ጂን ቢሆን መተኮስ አያቅተውም» አለች ዳዶ። «አይዞሽ። ይህ የሚያለቅስ ሰው ነው።»

ኢክራን ከቤቱ ኋላ በውሃ ታንከሩ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። ዳዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ከወንድምሽ ጎን ስልክ አልተገኘም። የወሰደው ሌባ ቢሆን አጥፍቶ ይሸጠው ነበር። የሚጫወት ሰው ቢሆን ይጫወት ነበር። አንቺ ስጦታውን ታነሺና ትወጫለሽ።»

ኢክራን ከጉርዷ ውስጥ ስልኩን አውጥታ ሰጠቻት።

«አሮጌው ስልኬ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባዬ ሲጮህ ቀድሜ ደረስኩ፤ እጁ ውስጥ ነበር፤ አነሣሁት። ጨዋታው አልቆመም ነበር።» ከንፈሯን ነከሰች። «መቃብሩ ላይ ስም የለም። ጨዋታው ውስጥ ብቻ ነው ስሙ ያለው። እንዲጠፋ አልፈለግኩም።»

«ልጁ እንዴት እዚህ ደረጃ ደረሰ?»

«እናታችን አንድ ዓመት ስትታመም፣ እንዳይረብሻት ብሎ አባዬ ስልክ ሰጠው። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እውነትም ዝም አለ፤ ሁላችንም ተመቸን። ከሞተች በኋላ ከማዶ ወደዚህ መጣን። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ስለማይችል ከትንንሽ ልጆች ጋር አስቀመጡት። አፉን በከፈተ ቁጥር ይስቁበት ነበር። ቤት ሲመጣ አባዬ መንገድ ላይ ነው፤ ሲኖርም ከሁለቱ ስልኮቹ ጋር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስፌት ቤት ነኝ። ጨዋታው ውስጥ ግን ኮማንደር ነው። የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ስልኩ ሲሰበርበት ያለቀሰውን ብታዪ! አላስቻለኝም። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አፋንዴ?»

«ተነሺ» አለች ዳዶ። «ሰዎቹን ሰብስቢልኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ከደጅ ይጠብቁ ነበር።

«ሙደሲር መርዝ አልጠጣም» ብላ ጀመረች ዳዶ። «ኢሲኦሎ ከተማ ስሠራ ጂኮ የሚሉትን የከሰል ምድጃ ከነፍሙ ዘበኛ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ አንድ ዘበኛ አይቻለሁ። ሞቶም ጉንጩ ቀይ ነበር። ሼህ አብዱላሂ ያዩት ያንን ነው። የፍም አየር አይታይም። ራስ ያማል፣ ዓይን ያጨልማል፣ ከዚያ ያስተኛል።»

«ፍሙ ከየት መጣ?» አለ አብዱራሺድ።

«ከከዲጃ ሳህን። የሳህኑ ክብ ወለሉ ላይ አለ፤ አመዱም አለ። ልጁ የስልኩ ብርሃን ከውጭ እንዳይታይ መስኮቱን በሹራቡ ወትፎ ነበር።»

«ያው እሷው ናት ማለት ነው!»

«ቆይ፣ ወንድሜ። ከዲጃ ልጁ እዚያ መኖሩን ታውቃለች፤ በየቀኑ ወተት ታስቀምጥለታለች። ልትገድለው ብታስብ ሳህኑን አንሥታ አጥባ የራሷን ኩባያ ከጎኑ ትተዋለች? ልትገድለው ካላሰበች ደግሞ ሰው ባለበት ፍም አታስገባም። ኩባያው የሚከሳት መስሏችሁ ነበር። ነፃ የሚያወጣት እሱ ነው።»

ከዲጃ ቀና አለች።

«ኢክራንም ታውቃለች፤ ስልኩን የሰጠችው እሷ ናት። አንተም፣ አብዱራሺድ፣ ኡራን ነበርክ። ፍሙን ያስገባው ሰው መጋዘኑ ባዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። በዚህ ቤት ልጁ ቀኑን የት እንደሚውል የማያውቅ ማን ነው? ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ‹ዓርብ ትምህርት ቤት ነበር› አለኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

ማንም ወደ ነጅመዲን አልዞረም። መዞርም አላስፈለጋቸውም።

«ቦንዳዎቹ ሐሙስ ዝናብ መቷቸዋል» አለች ዳዶ በዝግታ። «የረጠበ ብርድ ልብስ ካደረ ይሸታል፤ ገዢ አያነሣውም። ጥቂት ከሰል የተጨመረበት የፍም ሳህን በመካከል ይቀመጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ይህን የሚያደርገው የብርድ ልብስ ነጋዴ ነው እንጂ ወተት ሻጭ አይደለም። ሳህኑ ያቃጠላቸውን ጣቶችዎን ያሳዩኝ፣ አቶ ነጅመዲን።»

«መስኮቱ ክፍት ነበር!» ነጅመዲን ጮኸ። «ሁልጊዜ ክፍት ነው! ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የማደርቀው! ስገባ ማንም አልነበረም፤ ወላሂ ማንም አልነበረም!»

«ነበረ። ከቦንዳው ኋላ ነበር። ሲገቡ ስልኩን እንዳያዩበት ትንፋሹን ዋጠ። ለጓደኛው ‹ሰው ገባ› ብሎ ጻፈላት። ‹ማነው?› አለችው።» ዳዶ እዚህ ላይ ቆመች።

«ምን ብሎ መለሰ?» አለ ነጅመዲን።

ዳዶ ወደ ኢክራን አየች።

«ምን አለ ልጄ? ንገሪኝ!»

የመለሰችለት ኢክራን ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ደጋግማ አንብባዋለች።

«‹ማንም አይደለም› አለ፣ አባዬ።»

ነጅመዲን ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ከጁምዓ መልስ ሳህኑን ላወጣ ገባሁ። እግሩን አየሁ። ነካሁት። ከዚያ… ሳህኑን አወጣሁ። አመዱን ደፋሁ። አጠብኩት። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። ከዚያ ጮህኩ። አብዱራሺድ ስለ ወተቱ ሲናገር ዝም አልኩ።»

«ሦስት ቀን» አለች ከዲጃ። አልጮኸችም። «ሦስት ቀን ሙሉ እያየኸኝ።»

አብዱራሺድ ተነሥቶ ከዲጃ ፊት ሄደ። አንገቱን ደፍቶ እዚያው ቆመ።

የዐሥር ሰዓት አዛን ተሰማ። ከሶላት በኋላ ነጅመዲን ከዳዶ ጋር በእግሩ ወደ ጣቢያው ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ እዚያው ታሰረ። ሽማግሌዎቹ ስብሰባውን ሳይጀምሩ ተበተኑ። አብዱራሺድ ሰኞ ጠዋት ክሱን አነሣ። ከዲጃም በዚያው ሰኞ ሕፃኗን አዝላ ማዶ እናቷ ቤት ሄደች፤ ኢክራንም አብራት ሄደች።